አፈሩ እርጥብ፣ ቅጠሉ ጠውላጋ፦ የአዲስ አበባ ግቢ አትክልት ችግርና መፍትሄ

ስለ ግቢያቸው አትክልት የሚደውሉልኝ ሰዎች የሚበዙት መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው። የእነሱ ግቢ ግን ቢጫ ሆኗል። "ኧረ ውሃ እያጠጣሁት ነው!" ይሉኛል። ብዙ ጊዜ ችግሩ እሱ ራሱ ነው።

ምልክት፦ ቅጠሉ ጠውልጓል፣ አፈሩ ግን አልደረቀም

ከአስር ግቢ ሰባት ስምንቱ ላይ የማየው ይሄንን ነው። ቦሌ፣ ለቡ፣ አቃቂ ቃሊቲ ያላችሁ በደንብ አንብቡት። የእናንተ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ክረምት ያብጣል። ሲያብጥ ቀዳዳው ይዘጋል፣ አየር ይጠፋል። ሥር ደግሞ ይተነፍሳል። አየር ያጣ ሥር ይበሰብሳል፣ የበሰበሰ ሥር ውሃ አይስብም። ዛፉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል ማለት ነው። ባለቤቱ የጠወለገ ቅጠል ሲያይ የውሃውን ጎማ ይዞ ይመጣል። ያኔ ነገሩ ያልቅለታል።

ግንባታው ደግሞ ያባብሰዋል። ቤቱ እስኪያልቅ መኪና ሲመላለስበት የከረመ መሬት እንደ አስፋልት ይጠቀጠቃል። ከዚያ ፍርስራሹን፣ የሲሚንቶ ትርፉን ደልድለው 10 ሳንቲ ሜትር ቀይ አፈር ያለብሱታል። ሳር ይተክሉበታል። ለርክክቡ ቀን ያምራል፣ በመጀመሪያው ክረምት ይሞታል። ይሄን ሥራ ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ፤ ሰው ገንዘቡን ከፍሎበታል።

ለቡ አካባቢ አንዲት እናት ጠሩኝ። የልጅ ልጃቸው ስትወለድ የተከሉት አቮካዶ ነው፣ ሦስት ዓመቱ። ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብዬ በዶማ ቆፈርኩ። ሁለት ስንዝር ሳልወርድ ውሃ አቀረረ። አፈሩ ወደ ግራጫ ተለውጧል፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። አንድ ሥር በጣቴ ይዤ ሳብ ሳደርገው ቆዳው ተገፎ እጄ ላይ ቀረ። ከውስጥ ክር የመሰለ ነገር ብቻ ነበር። "ልጄ፣ ጠምቶት መስሎኝ ጠዋትና ማታ ሳጠጣው ነበር" አሉኝ። ያንን ዛፍ ማዳን አልቻልንም። በዓመቱ ሰኔ ሌላ ተከልንላቸው። ስፋቱ ሁለት ሜትር፣ ከፍታው 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉብታ ሠርተን ላዩ ላይ ነው የተከልነው። እሱ ቆሟል።

ግቢያችሁ እንዲህ መሆኑን ለማወቅ ስፋቱም ጥልቀቱም 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሙሉት፣ ይጥለቅ፣ እንደገና ሙሉት። ማታ ሞልታችሁት ጠዋት ውሃው እዚያው ካለ በሽታው ተገኘ። መድኃኒት አትግዙ።

መፍትሄው መጀመሪያ ተዳፋት ነው። መሬቱ ከቤቱ እየራቀ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይውረድ። ቀጥሎ ቦይ፦ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ታች 02 የሚባለው የኮንክሪት ጠጠር፣ መሃል የተበሳሳ ቱቦ፣ ላዩ ላይ እንደገና ጠጠር። የቱቦው ጫፍ የሚፈስበት ቦታ ሳይታወቅ ቁፋሮ አትጀምሩ። መውጫ የሌለው ቦይ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ወደ ጎረቤት አጥር ስር መልቀቅም ነውር ነው፣ አጥሩንም ይጥላል።

ይሄ ካልተቻለ መደቡን ከፍ አድርጉ። የሰሜን ሸዋ፣ የእነዋሪ ገበሬዎች ዋልካቸው ላይ በእጃቸው መደብ እያወጡ፣ በመሃል ውሃውን በፈሰስ እየሸኙ ስንዴ ያመርታሉ። ለጽጌረዳም ለአቮካዶም የሚሠራው እሱ ነው። ላዩ ላይ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጨምሩና ከአፈሩ ጋር አዋህዱት።

አሸዋ አትጨምሩ! አንድ ደንበኛዬ ሰው መክሮት ሁለት መኪና አሸዋ አስገልብጦ ዋልካው ውስጥ ቀላቀለ። በጥር ዶማ አልገባ አለው፣ ጡብ ሆኖ ጠበቀው። ያንን ጠርቦ ማውጣቱ አሸዋውን ከገዛበት በለጠ።

ዋልካን ሲርስ አትቆፍሩት፣ አትርገጡት፣ ጋሪም አትንዱበት። እፍኝ አንስታችሁ ጨብጡት፤ ስትነኩት ከተፈረፈረ ቆፍሩ፣ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ጠብቁ።

ምልክት፦ ቢጫ ሆኗል፣ ግን አልጠወለገም

የትኛው ቅጠል እንደሆነ እዩ። የታችኛው፣ ያረጀው ከሆነ ናይትሮጅን ጎድሎታል። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ብረት መውሰድ አልቻለም። ሲሚንቶና ኖራ ሥሩ ብረቱን እንዳይወስድ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ግድግዳው ስር ቆፍራችሁ የተቀበረ ካለ ፈልጉ፣ አውጡት።

ዩሪያ ስትጠቀሙ ለ10 ካሬ 100 ግራም ይበቃል። ግማሹ ዩሪያ ማለት ይቻላል ናይትሮጅን ነው፣ 46 በመቶ። እርጥብ ቅጠል ላይ በትናችሁ አትተውት፣ ወዲያው በውሃ አጥቡት። ከበዛ ሳሩን ያቃጥለዋል። በእፍኝ እየዘገኑ የሚበትኑ ሠራተኞችን አስቁሙ። ትኩስ ፍግም ያው ነው፦ ያቃጥላል፣ አረምም ይዞ ይመጣል።

ምልክት፦ ሳሩ በታጨደ ማግስት ገለባ ይመስላል

ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አትጨዱ። ምላጩንም አስሉት፤ የደነዘዘ ምላጭ ይቦጫጭቃል እንጂ አይቆርጥም። ህዳርና ታህሳስ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ሳሩ ራሱ እድገቱን ያቆማል፣ ያኔ ማዳበሪያ አትወርውሩበት። በበጋ በየቀኑ ከማርከፍከፍ በሳምንት ሁለቴ፣ ጠዋት፣ ጠለቅ አድርጋችሁ አጠጡ።

ሌሎቹ በአጭሩ

ጽጌረዳ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ማታ ማታ ቅጠሉን ማርጠብ አቁሙ፣ የረገፈውን ሰብስባችሁ ከግቢ አስወጡ። ቡጋንቪላ አላብብ ካለ ውሃ ወይ ጥላ በዝቶበታል። የጥድ አጥር ስትከረክሙ አረንጓዴውን አልፋችሁ ደረቁን እንጨት አትቁረጡ፣ ከዚያ ተመልሶ አያቆጠቁጥም።

ችግኙ ከተተከለ ሁለት ዓመት ሆኖት ካላደገ ሥሩን ፈትሹ። ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ስንት ጊዜ አውጥቻለሁ! ስትተክሉ ፕላስቲኩን በምላጭ ቀዳችሁ ሙሉ በሙሉ አውጡት። የተጠማዘዘ ሥር ካለ ቁረጡት። አንገቱንም አትቅበሩ፤ በፕላስቲኩ ውስጥ አፈሩ የነበረበት ልክ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን።