ለረጅም ርቀት የአጋዘን አደን በትእዛዝ ለሚሠራ ጠመንጃ የጥይት ዓይነት እንዴት ይመረጣል?

ጠመንጃ በትእዛዝ ለማሠራት ወደ ባለሙያ የሚሄድ አዳኝ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከጥይቱ ስም ነው። ጓደኛው ያወደሰለትን ወይም በመደብር ውስጥ በትልቁ ተጽፎ ያየውን ስም ይዞ ይሄዳል፤ አፈሙዙም፣ መዝጊያውም፣ ካዝናውም ያን ስም ተከትለው ይታዘዛሉ። እኔ የምመክረው የዚህን ተቃራኒ ነው። በመጀመሪያ ሊወሰን የሚገባው አጋዘኑ ምን ያህል ርቀት ላይ እንደሚመታና አረሩ እዚያ ሲደርስ ምን ያህል ፍጥነት ሊቀረው እንደሚገባ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ እየተቆጠረ አረሩ፣ አፈሙዙና ቀለሁ ይመረጣሉ፤ የጥይቱ ስም በመጨረሻ ራሱ ይመጣል።

በዕለት ተዕለት አማርኛችን «ጥይት» የምንለው ሙሉውንም ሆነ በርሮ የሚሄደውን ክፍል በመሆኑ፣ በዚህ ጽሑፍ «ጥይት» ሙሉውን፣ «አረር» የሚበረውን ክፍል፣ «ቀለህ» ደግሞ ባሩዱን የያዘውን የነሐስ ዕቃ እንዲያመለክቱ አድርጌአለሁ። «አጋዘን» ስልም የአገር ቤቱን የደጋ ወይም የቆላ አጋዘን ማለቴ አይደለም፤ በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ተራሮች የሚኖረውን፣ ጆሮው እንደ በቅሎ ስለሚረዝም ሚዩል ዲር የሚባለውን ነው።

በልቤ ያለው አገር ኮሎራዶ ነው። በዴንቨርና በኦሮራ ብዙ ወገኖቻችን ስለሚኖሩና አንዳንዶቹም አደን ስለጀመሩ ምሳሌዬን ከዚያ እወስዳለሁ። በዚያ ክፍለ ግዛት አጋዘን የሚታደንበት ጠመንጃ የአረሩ ውፍረት ቢያንስ 6 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ አረሩ ሲመታ የሚሰፋ ዓይነት ሆኖ ክብደቱ ከ70 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው፤ 70ው 4.5 ግራም ያህል ይሆናል)፣ አፈሙዙም ከ16 ኢንች ማነስ የለበትም፤ በ100 ያርድ ላይም ቢያንስ 1,000 ፉት ፓውንድ ጉልበት ሊኖረው ይገባል። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1949 ጀምሮ የተወለደ ሰው የአዳኝነት ትምህርት የወሰደበትን ማስረጃ ሳያቀርብ ፈቃድ አያገኝም። ሌላ ቦታ የሚኖር አንባቢ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የአካባቢውን ሕግ ያንብብ። በኦሃዮ ለአጋዘን አደን የሚፈቀደው ጠመንጃ ግድግዳው ቀጥ ያለ ቀለህ የሚተኩስ ብቻ ስለሆነ፣ ቀለሃቸው ወደ አናቱ የሚጠብበው፣ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ጥይቶች በሙሉ እዚያ አይሠሩም፤ በካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2019 ሐምሌ ወር ጀምሮ እርሳስ ያለበት አረር ለአደን ተከልክሏል።

አሁን ወደ ርቀቱ እንምጣ። «ረጅም ርቀት» የሚለውን ቃል እያንዳንዱ ሰው ለራሱ በቁጥር ሊተረጉመው ይገባል። ወፍራም ብረት ላይ በ1,000 ያርድ መምታት ጨዋታ ነው፤ ነፍስ ባለው እንስሳ ላይ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ጥሩ የ6.5 ሚሊሜትር አረር 500 ያርድ፣ ማለትም ወደ 457 ሜትር ለመጓዝ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚግጥ አጋዘን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ከተራመደ፣ ሳንባ ላይ የታለመው አረር ሆዱ ላይ ያርፋል፤ ሆዱ የተመታ እንስሳም ጫካ ገብቶ ለሰዓታት ይሰቃያል። ስለዚህ ዲያሜትሩ 20 ሴንቲሜትር የሆነ ሰሌዳ ያቁሙ፤ ከጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ሣር ላይ ተኝተው፣ ቦርሳ ተደግፈው፣ ትንፋሽዎ ከአቀበት ገና ሳይመለስ ይተኩሱ። አሥሩንም አረር ሰሌዳው ላይ ማሳረፍ የቻሉበት የመጨረሻ ርቀት የእርስዎ ወሰን ነው። ለብዙ ጎበዝ ተኳሽ ይህ ከ400 ያርድ አይዘልም፤ ለ400 ያርድ የሚያስፈልገውን ጥይት ለ900 ያርድ ከሚያስፈልገው ጋር ማምታታት ደግሞ ገንዘብም ትከሻም ያስከፍላል።

ወሰንዎን ካወቁ በኋላ የሚነሳው ጥያቄ አረሩ እዚያ ሲደርስ ይሰፋል ወይ የሚለው ነው። ብዙ ሰው የሚያየው በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የጉልበት መጠን ነው፤ እኔ ግን የማምነው ፍጥነቱን ነው። የአደን አረር ሥራውን የሚሠራው ሥጋ ውስጥ ሲገባ አፍንጫው እንደ እንጉዳይ ተከፍቶ ሲሰፋ ሲሆን፣ ከተወሰነ ፍጥነት በታች ከሆነ ግን ሳይከፈት እንደ መጻፊያ እርሳስ ቀጭን ቀዳዳ በስቶ ያልፋል። የእርሳስ ልብ ያላቸው ብዙ አረሮች ቢያንስ 1,800 ጫማ በሰከንድ ይፈልጋሉ፤ ለሩቅ ርቀት ተብለው የተሠሩ ጥቂቶቹ በ1,600ም ይከፈታሉ፤ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የሚሠሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 2,000 ሲጠጋ ነው ጥሩ የሚሠሩት። ይህን ዝቅተኛ ፍጥነት አረሩን ከሠራው ኩባንያ ጠይቀው ይያዙ፤ ቀሪው ስሌት ሁሉ በእርሱ ላይ ይቆማል።

በዚህ ሚዛን ጥቂት ጥይቶችን እንመዝን። በ2007 የወጣው 6.5 ክሪድሙር 143 ግሬን አረር በ2,700 ጫማ በሰከንድ ይተኩሳል፤ አረሩ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ አየሩን በቀላሉ ይሰነጥቃል፤ 500 ያርድ ላይ ሲደርስም ገና ወደ 2,030 ይቀረዋል። በ2018 የመጣው 6.5 ፒአርሲ ያንኑ አረር በ2,960 ይልከዋል፤ በዚያው ርቀት ላይ 2,250 አካባቢ ይተርፈዋል። በ1952 የወጣው .308 ዊንቸስተር በአፍንጫ ደንዳናው የ150 ግሬን አረር ሲነሳ ከ2,800 በላይ ቢኖረውም 500 ያርድ ላይ ከ1,700 በታች ይወርዳል፤ ሲነሳ ከክሪድሙር ይፈጥን የነበረው ጥይት ሩቅ ቦታ ላይ ተቀድሞ ይገኛል ማለት ነው። ልዩነቱን ያመጣው የቀለሁ ስም ሳይሆን የአረሩ ቅርጽ ስለሆነ፣ .308 ያለው ሰው ረዘም ያለና ሹል አረር ቢመርጥ ብዙውን ጉድለት ይሞላል። የኮሎራዶ ተራሮች ከፍታም ይረዳል፤ 9,000 ጫማ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ አረሩ ፍጥነቱን ከባሕር ወለል ይልቅ ቀስ ብሎ ያጣል።

ከሁሉ በላይ ግን የረጅም ርቀት ጠላት ነፋስ ነው። የአረሩ መውረድ ርቀቱ ከታወቀ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት በመሆኑ በርቀት መለኪያና በመነጽር ይታረማል። ነፋሱን ግን መገመት እንጂ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። በሰዓት 10 ማይል የሚነፍስ የጎን ነፋስ ያንን የክሪድሙር አረር በ500 ያርድ ላይ ወደ 38 ሴንቲሜትር ሲገፋው፣ ያን ደንዳና የ.308 አረር ከ60 ሴንቲሜትር በላይ ይገፋዋል። በግምትዎ በሩብ ያህል ቢሳሳቱ በመጀመሪያው አረር ስሕተትዎ 10 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ሳንባው ውስጥ ይቆያሉ፤ በሁለተኛው ግን ሳንባውን ስተው ሊወጡ ይችላሉ። ጥሩ አረር ያለው ጥይት የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ለተኳሹ ስሕተት የሚተወው ይህ ቦታ ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ ትልቁን ማግነም (ብዙ ባሩድ የሚይዘውን ኃይለኛ ጥይት) ልያዝ» የሚል ይኖራል። እኔም እንዲሁ ብዬ የመጀመሪያ ጠመንጃዬን በ1963 በወጣው .300 ዊንቸስተር ማግነም አሠራሁ። በእኩል ክብደት ባለው ጠመንጃ የዚህ ጥይት ርግጫ ከክሪድሙር ከእጥፍ በላይ ነው። አንድ ቀን በመተኮሻ ሜዳ ላይ ጓደኛዬ ሳይነግረኝ ባዶ ቀለህ አጎረሰልኝ። ምላጩን ስስብ የተሰማው «ጠቅ» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር፤ አፈሙዙ ግን አንድ ስንዝር ያህል ወደ መሬት ሰገደ፤ ዓይኖቼም ተጨፍነው ነበር። ርግጫው ሳይመጣ ሰውነቴ እየሸሸው እንደኖረ ያወቅሁት ያኔ ነው። ይህን ፈተና ማንም ሰው ጠመንጃ ከማዘዙ በፊት በተዋሰው ጠመንጃ ቢያደርገው እመክራለሁ። ለአጋዘን ብቻ ከሆነ .300 አያስፈልግም፤ ልምምዱን የሚያሳጥር ጥይት ርቀቱንም ያሳጥራል።

የጥይቱን ዓይነት ሲያስቡ የጠመንጃውን አካል፣ ማለትም መዝጊያውና ካዝናው የሚቀመጡበትን ክፍል፣ ልክ አብረው ያስቡ። አንድ የማውቀው ሰው 6.5 ፒአርሲ በአጭር አካል ላይ አሠራ፤ ሥራውን የተረከበው ባለሙያም የካዝናውን ርዝመት ሳይለካ ተቀበለው። የ6.5 ፒአርሲ ሙሉ ጥይት እስከ 2.955 ኢንች፣ ማለትም 75 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ለ.308ና ለክሪድሙር የሚሠራው መደበኛ አጭር ካዝና ግን ወደ 72 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚይዘው። ጠመንጃው ተጠናቅቆ ሲመጣ ጥይቱ ካዝናው ውስጥ አልገባም፤ አንድ በአንድ በእጅ እያጎረሰ አንድ የአደን ወቅት አሳለፈ። እንዲሁም የክሪድሙር፣ የ.308፣ የ.270ና የ.30-06 ቀለሆች የግርጌ ስፋት አንድ ስለሆነ በአንድ ዓይነት መዝጊያ ይሠራሉ፤ የ6.5 ፒአርሲ፣ የ7 ፒአርሲና የማግነሞቹ ግርጌ ግን ሰፊ በመሆኑ ሌላ የመዝጊያ ፊት ይጠይቃል። አሮጌ ጠመንጃ ይዞ አፈሙዙን ብቻ ለማስቀየር ላሰበ ሰው ይህ ዋጋውን ይወስናል።

በአፈሙዙ ውስጥ የተቀረጹት ጠመዝማዛ ቦዮችም ከአረሩ ርዝመት ጋር መስማማት አለባቸው፤ አረር በረዘመ ቁጥር ለመረጋጋት ፈጥኖ መሽከርከር ይፈልጋል። በ1925 የወጣው .270 ዊንቸስተር ድንቅ የአጋዘን ጥይት ሆኖ ሳለ፣ የተለመደው አፈሙዙ በ10 ኢንች አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያዞር የዛሬዎቹን በጣም ረጃጅም አረሮች አያረጋጋም። በ1962 የመጣው 7 ሚሊሜትር ሬሚንግተን ማግነም በ9 ወይም በ9.5 ኢንች ያዞራል፤ በ2022 የወጣው 7 ፒአርሲ ደግሞ ከመጀመሪያው በ8 ኢንች እንዲያዞር ታስቦ የተሠራ ነው። የትእዛዝ ጠመንጃ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል፤ .270ም ቢሆን በ8 ኢንች በሚያዞር አፈሙዝ ቢታዘዝ አዲስ ጥይት ይሆናል።

የአፈሙዙን ርዝመት በተመለከተ፣ በካርቶን ላይ የሚጻፈው ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ በ24 ኢንች አፈሙዝ የተለካ መሆኑን አይርሱ። ድምፅ ማፈኛ ለመግጠም ብለው ወደ 20 ኢንች ቢያሳጥሩት 100 ጫማ በሰከንድ ያህል ሊያጡ ስለሚችሉ፣ ስሌትዎን በራስዎ ጠመንጃ በተለካ ፍጥነት ይሥሩ።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ወሰንዎ እስከ 500 ያርድ ከሆነና የሚያድኑት አጋዘን ብቻ ከሆነ 6.5 ክሪድሙር ይበቃል፤ ርግጫው ቀላል ነው፣ አፈሙዙ ከሁለት ሺህ በላይ ተኩስ ሊቋቋም ይችላል፣ ጥይቱም በትንሽ ከተማ መደብር ሳይቀር ይገኛል። በካሊፎርኒያ ለሚያድን ወይም የመዳብ አረር ለሚመርጥ ሰው 6.5 ፒአርሲን እመርጥለታለሁ፤ ተጨማሪው ፍጥነት የመዳቡን አረር በርቀት ስለሚከፍትለት ነው፤ አፈሙዙ ግን ቶሎ እንደሚያልቅ ይወቅ። በዚያው ጠመንጃ ከአጋዘኑ በጣም የሚገዝፈውን ኤልክም ለማደን ያሰበ ሰው ወደ 7 ፒአርሲ ይሂድ፤ ርግጫውን ለመቀነስም ጠመንጃውን ከ4 ኪሎ ግራም በታች አያስወርደው።

ወደ ባለሙያው ሲሄዱ የመረጡትን አረር አንድ ካርቶን ይዘው ይሂዱ። ከዚያ አንዱን ባሩድም መቀስቀሻም በሌለበት ቀለህ ላይ፣ ካዝናው በሚፈቅደው ሙሉ ርዝመት ልክ አስገጥመው ያስረክቡት። ባለሙያው የጥይቱን መቀመጫ የሚቦረቡረው በዚያ ናሙና ልክ ይሁን፤ ጠመንጃውን ከመረከብዎ በፊትም ያው ናሙና ከካዝናው ወጥቶ ወደ አፈሙዙ ሲገባና ተመልሶ ሲወጣ በዓይንዎ ይዩ።