ከብረት ማቅለጫ የወጣ አሸዋን ለግንባታ ማዋል

ብረት ማቅለጫ ፋብሪካዎች የቀለጠውን ብረት የሚያፈሱበትን ቅርጽ በአብዛኛው የሚሠሩት ከሲሊካ አሸዋ ነው። አሸዋው ብዙ ጊዜ ተመላልሶ ካገለገለ በኋላ ቅንጣቱ በሙቀት እየተሰነጣጠቀ፣ ማያያዣውም እየተቃጠለ ይሄድና ለቅርጽ ሥራ የማይሆንበት ጊዜ ይደርሳል፤ ለቅርጽ አይሆንም ማለት ግን ለሙሌት፣ ለአስፋልት ወይም ለኮንክሪት አይሆንም ማለት አይደለም። ስህተቱ የሚመጣው «የማቅለጫ አሸዋ» የሚባል አንድ ወጥ ዕቃ ያለ ይመስል፣ ክምሩ ሳይመረመር ተዝቆ ወደ መቀላቀያው ሲገባ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከፋብሪካው በር ላይ ነው፤ በመጀመሪያ የሚጠየቀውም በአሸዋው ውስጥ ምን ሲፈስ እንደነበረ ነው። ናስና ነሐስ የፈሰሰበት አሸዋ እርሳስ፣ መዳብና ዚንክ ሊይዝ ስለሚችል፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ መተው ይሻላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው የስጋት ግምገማ ከብረት፣ ከስቲልና ከአሉሚኒየም ማቅለጫ የወጣ የሲሊካ አሸዋ ለመንገድ ሰብቤዝ (ከመንገዱ በታች ለሚነጠፈው የታችኛው ንጣፍ) ሊውል እንደሚችል ሲደመድም፣ የናስና የነሐስ ማቅለጫዎችን አሸዋ በድምዳሜው ውስጥ አላካተተም።

ሁለተኛው ጥያቄ አሸዋው በምን ተያይዞ እንደነበረ ነው። በሸክላ የተያያዘው አሸዋ ከ85 እስከ 95 በመቶው ሲሊካ ሲሆን፣ ቀሪው ቤንቶናይት የተባለው ሸክላ፣ የተፈጨ የድንጋይ ከሰልና ጥቂት ውኃ ነው፤ የሚጠቁረውም ከከሰሉ የተነሳ ነው። ሬዚን በተባለ ኬሚካላዊ ሙጫ የተያያዘው ደግሞ ፈካ ያለ መልክ አለው፤ ሸክላ ስለሌለበት ለኮንክሪት ይቀላል፣ ነገር ግን ያልተቃጠለ የሬዚን ቅሪት ሊኖርበት ይችላል። ሁለቱ ለየብቻ እንዲከመሩ፣ ከአቧራ መሰብሰቢያው የሚወጣው ዱቄትም ከአንዳቸውም ጋር እንዳይደባለቅ ከፋብሪካው ጋር አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል።

ላቦራቶሪ ከመሄድ በፊት እጅና ጠርሙስ ብዙ ነገር ያሳያሉ። ረጠብ ያለ አሸዋ ጨበጥ ተደርጎ ሲለቀቅ የጣቶቹን ቅርጽ እንደያዘ ከቀረና መዳፍን ካጠቆረ ሸክላና ከሰል አለበት። አንድ ሦስተኛው አሸዋ፣ የቀረው ውኃ የሆነ ጠርሙስ በደንብ ተንጦ ሲቀመጥ አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፤ ውኃው ግን ለሰዓታት እንደ ድፍርስ ጠላ ሆኖ ከቆየ ቤንቶናይቱ ብዙ ነው። ይህ ጥርጣሬ ለመያዝ እንጂ ለመወሰን አይበቃም። ለውሳኔው በወንፊት የቅንጣቱ መጠን፣ በ75 ማይክሮን (0.075 ሚሊ ሜትር) ወንፊት የሚያልፈው ደቃቅ፣ ሸክላ በሚመጠው በሜቲሊን ብሉ ቀለም የሸክላው ጠባይ፣ በማቃጠል የሚጠፋው ክብደት፣ እንዲሁም በውኃ ታጥበው የሚወጡት ከባድ ብረቶች መለካት አለባቸው።

ፈተናውን ያለፈው አሸዋ የደረቁ ጓሎቹ ተፈርፍረው፣ በማግኔት ስር አልፎ በወንፊት ይነፋል። የማግኔቱን ነገር ቸል ማለት አይገባም፤ ከኮንክሪቱ ገጽ አጠገብ የቀረች ጠብታ የምታህል ብረት ዝጋ ስታብጥ ከላይዋ ያለውን ታነሳለች፣ ግድግዳውንም ታቀልማለች።

አዲስ ለሆነ ሰው መጀመሪያ የሚመከረው ሙሌት ነው። ሸክላው እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ አሸዋው በተመቻቸ እርጥበት፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር በሚሆን ንብርብር ተነጥፎ በዳምጠው ከተጠቀጠቀ በደንብ ይጠብቃል። ከከርሰ ምድር ውኃና ከጉድጓድ ግን መራቅ አለበት። በአስፋልት ውስጥ ሲሊካ ከሬንጅ ይልቅ ውኃን ስለሚወድ የአሸዋው ድርሻ ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ማድረግና የኖራ ዱቄት ማከል የተለመደ ጥንቃቄ ነው።

ኮንክሪት የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። የማቅለጫ አሸዋ ቅንጣቱ ደቃቅና ተመሳሳይ ስለሆነ የኮንክሪት አሸዋና ጠጠርን እንደሚመለከተው እንደ አሜሪካው ኤኤስቲኤም ሲ 33 ያሉ መመዘኛዎችን ለብቻው ብዙ ጊዜ አያሟላም፤ ስለዚህ ከሻካራ አሸዋ ጋር ይቀላቀላል። በ10 በመቶ ጀምሮ በሙከራ ቅይጥ ከፍ ማድረግ ይበጃል፤ ከ30 በመቶ በላይ መሄድ በእኔ ግምት ለትርፉ የማይመጥን ራስ ምታት ነው። ለምሳሌ በአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ውስጥ 700 ኪሎ ግራም አሸዋ ቢኖርና 15 በመቶው ቢተካ፣ የሚያስፈልገው ደረቅ አሸዋ 105 ኪሎ ግራም ነው። ክምሩ 6 በመቶ እርጥበት ካለው 111.3 ኪሎ ግራም ይመዘናል፤ አሸዋው ራሱ የሚመጠው ውኃ 1 በመቶ ቢሆን፣ ከመቀላቀያው ውኃ ላይ 5.25 ሊትር ይቀነሳል። ሸክላው ውኃ ስለሚጠጣ ስላምፑ (የእርጥቡ ኮንክሪት ልልነት መለኪያ) ሲወርድ ሠራተኛው ቱቦውን ለመክፈት እጁ ይቸኩላል፤ የተጨመረው ውኃ ግን ጥንካሬውን ይበላል። በዚህ ጊዜ ውኃ ቀናሽ አድሚክስቸር (ከኮንክሪት ጋር የሚቀላቀል ኬሚካል) መጠቀም ወይም የተተካውን ድርሻ መቀነስ ነው የሚሻለው። አየር የሚያስገባ አድሚክስቸር ያለበት ቅይጥ ከሆነም ከከሰሉ የቀረው ካርቦን አድሚክስቸሩን ስለሚመጠው የአየሩ መጠን በየባቹ (በእያንዳንዱ ዙር ቅይጥ) መለካት አለበት።

ደረቁ አሸዋ ሲፈረፈርና ሲነፋ የሚነሳው የሲሊካ ብናኝ ሲሊኮሲስ የተባለውን የማይድን የሳንባ በሽታ ያመጣል። አሸዋው እንዲረጥብ ማድረግ፣ ፊት ላይ በትክክል የሚገጥም የብናኝ መከላከያ ማድረግና ወለሉን በመጥረጊያ ከመጥረግ ይልቅ በውኃ ማጠብ ያስፈልጋል። ከእያንዳንዱ ጭነትም ቀኑና የፋብሪካው መስመር የተጻፈበት አንድ ከረጢት ናሙና የ28 ቀኑ የኪዩብ (የኮንክሪት ጥንካሬ ፈተና) ውጤት እስኪመጣ ድረስ ይቀመጣል።