ናይሮቢ ትምህርት ቤት ለሚሽን የምትሄዱ፣ ክፍሉ የአስተማሪዋ ነው

ቸርቻችሁ ዘንድሮ ወጣቶቹን ይዞ ከአሜሪካ ናይሮቢ ሊሄድ ነው እንበል። ማታሬ ወይም ሙኩሩ በሚባሉት የናይሮቢ የድሆች ሰፈሮች ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ትምህርት ቤት ተገኝታለች፣ ጸሎት ተይዟል፣ ቲሸርትም ታዟል። ቲሸርቱን ለጊዜው እንተወውና ስለ ሌላው እናውራ።

መጀመሪያ ቀኑን አስተካክሉ። ለአሜሪካ ሠራተኛ ኦገስት ይመቻል፣ ኬንያ ግን ኦገስት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። የትምህርት ዘመናቸው ጃንዋሪ ላይ ጀምሮ በሦስት ተርም ይከፈላል። ለእናንተ የሚሆነው ሁለተኛው ተርም ነው፣ እሱም እስከ ጁላይ መጨረሻ ወይም ኦገስት መጀመሪያ ይሄዳል፣ ስለዚህ ጁን ወይም ጁላይ ላይ ሂዱ። መሃል ላይ ጥቂት ቀን የሚዘጉበት ጊዜ ስላለ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የዘንድሮውን ካላንደር ከትምህርት ቤቱ ጠይቁ። ሦስተኛው ተርም ላይ ባትሄዱ ይሻላል። አጭር ነው፣ የስድስተኛና የዘጠነኛ ክፍል ልጆችም ለብሔራዊ ፈተና ስለሚዘጋጁ እንግዳ የማስተናገድ ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው አታገኙም።

የወረቀቱን ነገር በአጭሩ ልበል። በአሜሪካ ፓስፖርት የምትሄዱ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በቪዛ ፋንታ የመጣውን ኢቲኤ የሚባለውን የጉዞ ፈቃድ ኦንላይን ሞሉ። የቱሪስት ፈቃድ ግን ለሥራ አይሆንም፣ ደሞዝ ባይኖረውም። ስለዚህ የሚቀበላችሁ ቸርች ስፔሻል ፓስ ስለሚባለው የአጭር ጊዜ ፈቃድ ከኢሚግሬሽን አስቀድሞ ይጠይቅላችሁ። አዲስ አበባ ጎራ ብላችሁ ቤተሰብ ጠይቃችሁ ወደ ናይሮቢ የምታልፉ ከሆነ ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ፣ ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰው ይጠየቃል። ዕቃችሁን በፌስታል አትቋጥሩ፣ ኬንያ ከ2017 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። ሹራብም አትርሱ። ጁላይ ናይሮቢ ላይ ብርድ ነው፣ «አፍሪካ ሙቀት ነው» የሚሉትን አሜሪካ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችሁን አትስሟቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እነዚህ ሰፈሮች ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የመንግሥት አይደሉም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የመጀመሪያ ደረጃን በነጻ አድርጋለች። ነገር ግን በቅርብ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሌለ ወይም ሞልቶ ከተጨናነቀ እናት ምን ታድርግ? ልጇን ቸርች ወይም አንድ የሰፈር ሰው የከፈተው ትምህርት ቤት ታስገባዋለች። ያ ትምህርት ቤት የሚንቀሳቀሰው ወላጆች በሚከፍሏት ትንሽ ገንዘብ ነው። የወላጆች የቀን ሥራ ሲጠፋ የአስተማሪዋም ደሞዝ ይዘገያል። እንዲህ ሆና ያን ቀን ጠዋት በእግሯ መጥታ ክፍል የገባችውን ሴት፣ በአውሮፕላን የመጣ የኮሌጅ ተማሪ «ዛሬ እኛ እናስተምርልሽ፣ አንቺ ዕረፊ» ሲላት አስቡት። በትሕትና ፈገግ ብላ ትቀመጣለች። ልጆቹ ግን ያዩታል። እናንተ ስትሄዱ ያንኑ ክፍል የምትቆጣጠረው እሷ ናት።

ስለዚህ የምትሄዱት ለአስተማሪዋ እጅ ለመሆን ነው። ይሄ ከዚህ ይጀምራል። ከመሄዳችሁ ከወር በፊት ርዕሰ መምህሩን በዋትስአፕ አግኙትና «ምን እንርዳችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «ያላችሁን፣ እግዚአብሔር ይባርካችሁ» ነው። እኛስ እንግዳ «ምን ላምጣ» ሲለን «ባዶ እጅህን ና» እንል የለ? ይልቅ ጠበብ አድርጋችሁ ጠይቁ። የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ በዚያ ሳምንት የትኛው ትምህርት ላይ ትሆናለች? ክፍሉ ውስጥ ስንት ልጅ አለ? ማንበብ የከበዳቸውስ እነማን ናቸው? የምትሠራበትን የአስተማሪ መምሪያ በስልክ ፎቶ አንስታ ትልክላችሁ እንደሆነም ጠይቁ። መምሪያውን ካያችሁ ከኢንተርኔት ያመጣችሁትን የራሳችሁን ትምህርት ክፍል ውስጥ አታራግፉም።

የመጀመሪያው ቀን ከኋላ ተቀምጦ ማየት ነው። አዎ፣ ለወጣቶች ከባድ ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ዝም ብላችሁ ብታዩ አስተማሪዋ ጥያቄ ስትጠይቅ ልጆቹ እንዴት እንደሚመልሱ፣ የትኛው ልጅ ሁሌ እንደሚቀድም፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ አንዴም እጇን የማታወጣው ልጅ የት እንደምትቀመጥ ታውቃላችሁ። ክፍሎቹን የሚለያቸው ቆርቆሮ ወይም ኮምፔንሳቶ ስለሆነ እናንተ ጋ የተጀመረ የጭብጨባ መዝሙር አጠገብ ያለውን የሒሳብ ክፍል ያፈርሰዋል። ጭፈራው ለሜዳ ይቆይ።

ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ሥራ ሞልቷል። ደብተር አርሙ፣ ሃምሳ ደብተር ለአንዲት ሴት ብዙ ነው። ከካርቶን የፊደልና የቁጥር ካርዶች ቁረጡ። ከሁሉም በላይ ግን የንባብ ቡድን ያዙ፣ አብሮ የሄደ ማንም ሰው ሳይሠለጥን ሊሠራው የሚችል ነገር ይሄ ነው። ህንድ ውስጥ ፕራታም የሚባል ድርጅት ያስለመደው ዘዴ አለ። ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን ማንበብ በሚችሉት ልክ ትመድባላችሁ፦ ፊደል ላይ ያለ፣ ቃል ላይ ያለ፣ አንቀጽ ላይ ያለ። ምደባውን ግን ከአስተማሪዋ ጋር ሆናችሁ ሥሩት፣ ልጆቹን የምታውቃቸው እሷ ናት። አምስት ስድስት ልጅ ይዛችሁ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀመጡ፣ አንድ አጭር ታሪክ አንብቡላቸው፣ አብረው ያንብቡ፣ ከዚያ አንድ በአንድ። ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ የአሜሪካው አነጋገራችሁ ለልጆቹ አዲስ ነው። ኪስዋሂሊውን እነሱ ያስተምሯችሁ፣ ስትሳሳቱ ሲስቁባችሁ ደግሞ ያፈሩ የነበሩት ልጆች አፋቸውን ይከፍታሉ። ብዙ ሰው ሶማሌ መስላችሁት በኪስዋሂሊ ቢያወራችሁ አትደንግጡ፣ ናይሮቢ ላይ ሐበሻን የሚያጋጥመው ነገር ነው።

ረፋድ ላይ ኡጂ የሚሉትን አጥሚት፣ ምሳ ላይ ጊዘሪ የሚሉትን የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ ካቀረቡላችሁ ብሉ። ግን የልጆቹ ድርሻ ስለሆነ ለወጥ ቤቱ ቀድማችሁ አዋጡ።

ስለ ወንጌሉም በግልጽ እናውራ፣ የሄድንበት ጉዳይ ነውና። ኬንያ ውስጥ አብዛኛው ሰው ክርስቲያን ነው፣ ልጆቹ ከእናንተ ይልቅ ብዙ መዝሙር ሊያውቁ ይችላሉ። በብዙ ትምህርት ቤቶች ፒፒአይ የሚባል ለመንፈሳዊ ትምህርት የተያዘ ሰዓት በየሳምንቱ አለ፣ ርዕሰ መምህሩ ከፈቀደ ምስክርነታችሁ እዚያ ይሁን። ክፍሉ ውስጥ ሙስሊም ልጆችም ሊኖሩ ይችላሉ። «ጌታን የተቀበለ እጁን ያውጣ» ካላችሁ በኋላ ወዲያው ደብተርና ከረሜላ ማደል የለባችሁም። የተራበ ልጅ እጁን ያወጣል፣ እናንተም ያንን ቆጥራችሁ ለቸርች ሪፖርት ታደርጋላችሁ። በእኔ እምነት ይሄ ለወንጌልም ክብር አይደለም።

ዱላ ልታዩ ትችላላችሁ። የ2013ቱ የኬንያ የትምህርት ሕግ በትምህርት ቤት ተማሪ መምታትን ይከለክላል፣ ልማዱ ግን አልጠፋም። ልጆቹ ፊት አስተማሪዋን አትገሥጹ። የቡድኑ መሪ ለብቻው ከርዕሰ መምህሩ ጋር ይነጋገር። የእናንተም ሰው ይጠበቅ፦ ማንም ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል አይቀመጥ፣ ሁሉም የወንጀል መዝገብ ምርመራ ሳያልፍ አይሂድ። «የቸርች ልጅ ነው፣ እናውቀዋለን» አይሠራም። ፎቶም ቢሆን ያለ ወላጅ ፈቃድ የልጅን ፊት ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ፣ በ2019 የወጣው የኬንያ የግል መረጃ ሕግ ለልጆች የወላጅን ፈቃድ ይጠይቃል።

ወደ ገንዘቡ። ሻንጣ ሙሉ የአሜሪካ መጽሐፍ አትሸከሙ። የኬንያ ትምህርት ቤቶች የሚሠሩት በራሳቸው ሥርዓተ ትምህርት የጸደቁ መጻሕፍት ነው፣ እነሱም ናይሮቢ ውስጥ በየመጽሐፍ መደብሩ ይሸጣሉ። ዝርዝሩን ከአስተማሪዋ ተቀብላችሁ እዚያው ግዙ፣ ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስና ጠመኔም እዚያው። ዴስክ ከተሰበረ የሰፈሩን አናጢ ቅጠሩ። እናንተ መዶሻ ይዛችሁ ፎቶ ከምትነሡ እሱ የቀን ገቢ ቢያገኝ ይሻላል፣ ሥራውም ይበልጣል። ገንዘብ የምትሰጡ ከሆነ በትምህርት ቤቱ ስም ባለው የኤምፔሳ (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ወይም የባንክ ሒሳብ ይግባ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ለአንድ ልጅ በግል «እኔ አስተምርሃለሁ» ብሎ ቃል መግባት በጣም ያጓጓል። የክፍያው መጠንና ጊዜው ከርዕሰ መምህሩና ከቤተሰቡ ጋር በወረቀት ካልተጻፈ ግን ለልጁ ምንም አትበሉት።

የንባብ ቡድኑን የያዘ ሰው አንድ ደብተር ይኑረው። የትኛው ልጅ በምን ደረጃ ጀመረ፣ የት ደረሰ፣ የትኛው ድምፅ ይከብደዋል፣ ይህን በየቀኑ ይጻፍ። በመጨረሻው ቀን ደብተሩን ለአስተማሪዋ ስጧት፣ ፎቶ ኮፒውን ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ለሚሄደው ቡድን አስቀምጡ። ቡድኑም ወደዚያው ትምህርት ቤት ይመለስ፣ በየዓመቱ አዲስ አትፈልጉ።