በዊንተር ብርድ ሞዴል አውሮፕላን እንዴት ይበራል?

ሚኒሶታ በገባሁ በመጀመሪያው ዊንተር አንዲት ነጭ የፎም አውሮፕላን በረዶ ውስጥ ጠፍታብኝ አርባ ደቂቃ ስፈልጋት ቆየሁ። የወደቀችው ከቆምኩበት ቢበዛ ሰማንያ ሜትር ርቃ ነው። ነጭ አውሮፕላን፣ ነጭ ሜዳ፣ ነጭ ሰማይ። በመጨረሻ ያገኘሁት እሷን ሳይሆን የገባችበትን ቀዳዳ ነው፤ ለስላሳው በረዶ ላይ የጫማ ሳጥን የምታክል ቀዳዳ፣ ጎንበስ ብዬ ሳይ ጅራቷ ከውስጥ ብቅ ብሏል። ጥፋቱ የነፋሱ አልነበረም። ባትሪውን ሌሊቱን ሙሉ መኪና ውስጥ ያሳደርኩት እኔ ነኝ።

ዊንተር የምለው ሐይቅ የሚያረጋውን የጥር ብርድ ነው፤ አገር ቤት ክረምት የምንለው የሐምሌ ዝናብ ሌላ ጣጣ አለው። በጋ የምለውም የዚህን አገር የሐምሌ ሙቀት ነው፣ የአገር ቤቱን በጋ አይደለም። ብዙ ሰው ብርዱ ሲመጣ ሞዴሉን ምድር ቤት ሰቅሎ ሚያዝያን ይጠብቃል። በእኔ ግምት ያጣው የዓመቱን ምርጥ አየር ነው። ቀዝቃዛ አየር እፍግ ያለ ነው፤ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ ከዜሮ በታች 20 ሲወርድ እፍጋቱ በ16 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ክንፉ በዝግታም ቢሆን ይሸከማል፣ ፕሮፔለሩም የሚይዘው ነገር ያገኛል። አዲስ አበባ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ያበረረ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል፤ የሚኒሶታ የጥር አየር ከአዲስ አበባው የቀትር አየር አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ብርዱ የሚያሸንፈው ባትሪውን፣ ፕላስቲኩንና ጣታችሁን ነው። ከዚህ በታች ያለው ዝግጅት ከሞላ ጎደል ለእነዚህ ሦስቱ ነው።

1. ቀኑን ምረጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ከዜሮ በታች ከ5 እስከ 10 ዲግሪ የሆነ ደረቅ ቀን ጠብቁ፤ ነፋሱ ቅጠል ከማወዛወዝ የማያልፍ ይሁን። ሰው “ዛሬ ሞቅ ብሏል” ብሎ የሚወጣበት፣ ዜሮ አካባቢ ያለው ጭጋጋማ ቀን ከደረቁ ብርድ ይልቅ አደገኛ ነው። እርጥበቱ ፕሮፔለሩና የክንፉ ግንባር ላይ በረዶ ሆኖ ይጋገራል፣ ቅርጹን ያበላሻል፣ አውሮፕላኑም ሳታስቡት መሸከሙን ይተዋል። ጭጋግ ካያችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ።

ፀሐይንም አስቡ። ሚኒያፖሊስ ላይ በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ በቀትር እንኳ ከአድማስ ከ22 ዲግሪ በላይ አትወጣም፤ ቀኑን ሙሉ ዓይን ላይ ናት ማለት ነው። ደቡብን ጀርባችሁ አድርጋችሁ ቁሙ። መነጽር ስታደርጉ ፖላራይዝድ ከሆነ አስቀድማችሁ የሪሞቱን ስክሪን በእሱ ተመልከቱት፤ በአንዳንዱ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ሕጉ ለብርድ ብሎ አይላላም። አሜሪካ ውስጥ 250 ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝን ሞዴል ይመዘገባል፤ ክፍያው ለሦስት ዓመት 5 ዶላር ነው። ትረስት የሚባለውን ነፃ የኦንላይን ፈተና አልፋችሁ ማረጋገጫውን መያዝ፣ ከዓይናችሁ አለማራቅ፣ ቁጥጥር በሌለበት የአየር ክልል ከ400 ጫማ በላይ አለመውጣት ግዴታ ነው። ኤርፖርት አጠገብ ከሆናችሁ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቃል። የሪሞት አይዲ፣ ማለትም ሞዴሉ ሲበር ማንነቱንና ያለበትን ቦታ በሬዲዮ የማሳወቅ ግዴታም አለ፤ ክለብ ውስጥ ከገባችሁ ሜዳው ከዚህ ነፃ የተደረገ መሆኑን ጠይቁ። ክለብ የምለው ለዚህ ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቹ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በሚሉት ጃንዋሪ 1 ቀን ብርዱ የቱንም ያህል ቢሆን ተሰብስበው ያበራሉ። ከሾርባው ጋር የሚገኘው ምክር በነፃ ነው።

2. ባትሪውን እንደ ሕፃን ያዙት

የሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ኃይል የሚሰጠው በኬሚካል ነው፤ ኬሚካሉ ደግሞ ሲበርደው ይሰንፋል። ውስጡ ያለው ተቃውሞ ይጨምርና ሞተሩ ኃይል ሲጠይቅ ቮልቴጁ ወዲያው ይዘቅጣል። የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ስፒድ ኮንትሮለር ይህን ሲያይ “ባትሪው አልቋል” ብሎ ሞተሩን ያጠፋል። ያቺን ነጭ አውሮፕላን ቤት አምጥቼ ባትሪው ሲሞቅ ብለካው ሙሉ ሊባል ምንም አልቀረውም ነበር። ኃይሉ ውስጡ ነበረ፤ መውጣት አቃተው እንጂ።

ስለዚህ ባትሪው ቤት ይደር። የሚሞላውም ቤት ውስጥ፣ ዓይናችሁ እያየው፣ በክፍሉ ሙቀት ነው። ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ሊፖን ቻርጀር ላይ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም፤ ሊቲየሙ ወደ ውስጥ ገብቶ ከመቀመጥ ይልቅ እላዩ ላይ እንደ ብረት ይለበጣል። ያ ጉዳት አይመለስም፤ ውሎ አድሮም ውስጥ ለውስጥ አገናኝቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ሜዳ ላይ ከመኪና ባትሪ የምትሞሉ ሰዎች ልብ በሉ።

ወደ ሜዳ ስትሄዱ ባትሪውን ሙቅ አድርጋችሁ ውሰዱት። እኔ የምጠቀመው የልጄን አሮጌ የምሳ ቦርሳ ነው። በአንድ ትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከቧንቧ የሚመጣ ሙቅ ውሃ እሞላና ክዳኑን አጥብቄ ከታች አስቀምጣለሁ፤ በላዩ ከተቀደደ ጋቢ የቆረጥኩትን እራፊ አጥፌ፣ ባትሪዎቹን በላስቲክ ከረጢት አድርጌ እደረድራለሁ። ከፋርማሲ የሚገዛው የእጅ ማሞቂያ ከረጢትም ይሠራል፤ ባትሪውን በቀጥታ እንዳይነካው ብቻ ጨርቅ አድርጉለት። የምትፈልጉት ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ነው፣ ከ40 አታሳልፉት። መለኪያ ከሌላችሁ ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት፤ ለብ ካለ ደርሷል፣ ካቃጠለ አልፏል። የመኪና ማሞቂያ ፊት አስቀምጦ መርሳት፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ መክተት… ሞክሮ የነገረኝ ሰው ስላለ ነው የምጽፈው፣ አታድርጉት።

ባትሪውን ከቦርሳ አውጥታችሁ ከሰካችሁ በኋላ ወሬ የለም፤ አብሩ። ሲሠራ ራሱን እያሞቀ ይሄዳል። አውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ያለውን የአየር ማስገቢያ በግማሽ በቴፕ መሸፈንም ይረዳል።

ሰዓቱን ቀንሱ። በሐምሌ 7 ደቂቃ የሚያበራችሁ ባትሪ ከሆነ ታይመሩን 4 ላይ አድርጉና ካረፋችሁ በኋላ ለኩ። ሙሉ ሲሆን በሴል (ባትሪው ውስጥ ባለው በእያንዳንዱ ክፍል) 4.2 ቮልት ነው፤ አርፎ 3.75 ገደማ ካነበበ በቂ ነው፣ ከዚያ በታች ከሆነ ሰዓቱን አሁንም አሳጥሩ። ጉልበታችሁም ለከት ይኑረው። እፍግ ያለው አየር ለፕሮፔለሩ ስለሚከብደው ያው ሞተር በበጋ ከሚስበው የበለጠ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ በበጋ አፋፍ ላይ የነበረ ሞተር ካላችሁ በአንድ ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር ግጠሙለት።

3. አውሮፕላኑን አልብሱት

ፕላስቲክ በብርድ ይሰባበራል። በበጋ የሚታጠፍ ፕሮፔለር በጥር እንደ ብስኩት ይሰበራል፤ የሰርቮ (መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) ጆሮዎች፣ የጎማ ማያያዣዎችም እንደዚያው። ትርፍ ያዙ። ቴፕና ማጣበቂያ የሚሠራው ሙቅ ቦታ ላይ ነው፤ ሜዳ ላይ በቀዘቀዘ ፎም ላይ የለጠፋችሁት ቴፕ አየር ላይ ይለቃል። በተለይ ባትሪውን የያዘው ቬልክሮ ሙጫው ከወለሉ አለመላቀቁን ሳታረጋግጡ አትሂዱ፤ ተጨማሪ ማሰሪያ አድርጉለት።

ቀለም! ነጭ ሆድ ያለው ሞዴል ከሆነ ከታች ሰፋፊ ጥቁርና ብርቱካን መስመር ለጥፉ፣ ጅራቱ ላይ ግማሽ ሜትር የምትሆን ቀይ ሪባን እሰሩ። በረዶ ውስጥ ስትገባ ሪባኗ ከላይ ትቀራለች። አርባ ደቂቃ ያስተማረችኝ ይቺን ነው።

ጎማ በረዶ ላይ ይሰምጣል፤ ስኪ ያስፈልጋል። ተገዝቶም ይገኛል፣ እኔ ግን ከ3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ሠርቻለሁ። አንድ ሜትር ከ20 ክንፍ ላላት አውሮፕላኔ እያንዳንዱ ርዝመቱ 28፣ ስፋቱ 6 ሴንቲ ሜትር ነው። የፊቱን ጫፍ በፈላ ውሃ አርሼ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ አጎበጥኩት፤ ሲደርቅ ቫርኒሽ ቀባሁት፣ ከታች በኩል ሻማ አሸሁበት። ሻማውን አትናቁት፤ ያለሱ እርጥብ በረዶ ይለጠፍበትና አውሮፕላኑ ከቆመበት አይነቃነቅም።

ጀማሪ የሚስተው ማሰሪያውን ነው። ስኪው በጎማው አክስል ላይ ላልቶ ከተሰቀለ አየር ላይ አፍንጫው ወደ ታች ይዞራል፤ ያኔ ፍሬን ይሆናል፣ ስታርፉ ደግሞ እንደ አካፋ በረዶውን ይወጋል። ከስኪው አፍንጫ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ የሚስብ ላስቲክ እሰሩ፣ ከኋላው ደግሞ ከልክ በላይ ቀና እንዳይል የማይለጠጥ ክር አድርጉ። አውሮፕላኑን አንስታችሁ ስትይዙት የስኪው ፊት በትንሹ ቀና ብሎ መቆም አለበት። በጣት ወደ ታች ጫኑትና ልቀቁት፤ ራሱ ካልተመለሰ ላስቲኩ ደካማ ነው።

4. ሐይቁ ላይ

የረጋ ሐይቅ ከምንም የአውሮፕላን ሜዳ ይበልጣል፤ ዛፍ የለው፣ ሽቦ የለው። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለእግረኛ ቢያንስ 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ይላል። ነጭ የሆነው፣ በረዶ ጥሎበት የረጋው ግን ጥንካሬው ግማሽ ያህል ስለሆነ እጥፉን ጠብቁ። በረዶ በስተው ዓሣ የሚያጠምዱትን ሰዎች ጠይቋቸው፤ ውፍረቱን በየቀኑ የሚያዩ እነሱ ናቸው። ወንዝ የሚገባበትና የሚወጣበት አካባቢ ስስ ነው። አውሮፕላኑ ወደዚያ ከወደቀ ተዉት። ፎም ነው።

ለእጅ ትልቁ መፍትሔ ሪሞቱን ከነእጃችሁ የሚውጠው፣ ከላይ ግልጽ ፕላስቲክ ያለው ከረጢት ነው። ውስጡ አንድ የእጅ ማሞቂያ ከጣላችሁ በባዶ ጣት መቆጣጠር ትችላላችሁ፤ በወፍራም ጓንት ጆይስቲክ ማንቀሳቀስ በጓንት ቡና እንደመልቀም ነው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ሲሆን የተገለጠ ቆዳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በውርጭ ሊመታ ይችላል። አውራ ጣታችሁ ከደነዘዘ ቀጣዩን በረራ እርሱት፤ የሚሰማው ጣት ከሌለ ማረፍ የለም።

አውሮፕላኑን ያለ ባትሪ ለ15 ደቂቃ ውጭ አስቀምጡት። ፎሙ ሲበርደው ይኮማተራል፣ መቆጣጠሪያ ዘንጎቹ ግን በዚያው ልክ አይኮማተሩም፤ ስለዚህ ቤት ያስተካከላችሁት ትሪም (መሪዎቹን ቀጥ የሚያደርገው ማስተካከያ) ይዛባል። የሰርቮው ቅባትም ይወፍራል። ከዚያ ሙቁን ባትሪ ስኩ፣ ጆይስቲኮቹን ደጋግማችሁ ከዳር እስከ ዳር አንቀሳቅሱ፣ የሪሞቱ ምልክት ከርቀት መድረሱን ቶሎ ፈትሹና አብሩ።

5. መነሳትና ማረፍ

ስኪ ፍሬን የለውም። ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሩ፣ ፊት ለፊት ሰው አይቁም። ጉልበቱን ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፤ በበጋ ከለመዳችሁት ባጠረ መንደርደሪያ ትነሳለች።

አስቸጋሪው ማረፉ ነው። ነጭ መሬት ጥልቀት የለውም፤ አንድ ሜትር ላይ ያለች አውሮፕላን የነካች ትመስላለች። እኔ ከመብረሬ በፊት ማረፊያው ዳርና ዳር በእግሬ ወዲህና ወዲያ እየተመላለስኩ ዱካ እሠራለሁ፣ ጥቂት የጥድ ቅርንጫፍም እሰካለሁ። የአውሮፕላኗ ጥላ ወደ ቅርንጫፉ ሲቀርብ ከፍታዋ ይገባኛል። ሞተሩን ሙሉ በሙሉ አታጥፉ፤ ጥቂት ጉልበት ይዛችሁ አስገቧት፣ ስኪው በረዶውን ሲልስ ከዚያ ዝጉ። አየሩ ስለሚሸከማት ከምትጠብቁት በላይ ትንሳፈፋለች፤ ረዘም ያለ ቦታ ተዉላት።

6. ቤት ስትመለሱ

የቀዘቀዘ ነገር ሙቅ ክፍል ሲገባ ያልበዋል፤ መነጽራችሁ ላይ የምታዩት ጉም የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለው ሪሲቨርና ስፒድ ኮንትሮለሩ ላይም ያርፋል። በረዶውን ውጭ በብሩሽ አራግፉ፣ ባትሪውን አውጡ፣ አውሮፕላኑንና ሪሞቱን በትልቅ ላስቲክ ከረጢት አስራችሁ አስገቡ፤ ላቡ ከረጢቱ ላይ ይቅር። ሁለት ሰዓት ሳይሞላው አትክፈቱት። ባትሪው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ቻርጀር አይንካው፤ በማግስቱ የማታበሩ ከሆነ በሴል 3.8 ቮልት ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ስኪዎቹን መታጠቢያ ቤት ስቀሏቸው። እኔ አንዴ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ትቻቸው ቀልጠው፣ ቫርኒሹና የሐይቁ ጭቃ የተዉት ምልክት እስካሁን በቡና ረከቦቱ ተሸፍኖ ይገኛል።