ላሜራ ከማስቆረጣችሁ በፊት ቀለሙን ወስኑ

ሣጥን፣ ሽፋን ወይም መደርደሪያ በላሜራ ማሠራት ፈልጋችኋል እንበል። ብዙ ሰው ልኩን ይሰጣል፣ ያስቆርጣል፣ ያሳጥፋል፣ ያስበይዳል፤ «ምን ቀለም ይቀባ?» የሚለው መጨረሻ ላይ ነው ትዝ የሚለው። እኔ ከመጨረሻው ጀምሩ ባይ ነኝ። ቀለሙ ብረቱንም፣ ልኩንም፣ ቀዳዳውንም ይነካል።

መጀመሪያ ዕቃው የት እንደሚውል ወስኑ። ደረቅ ቤት ውስጥ ከሆነ ተራ ላሜራ ከፓውደር ኮቲንግ (በምድጃ ከሚበስል የዱቄት ቀለም) ጋር ይበቃል። ዝናብ የሚያገኘው ከሆነ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ብረት) ወይም ስቴንለስ (የማይዝግ ብረት)። አኖዳይዝ ማድረግ (ፊቱን በኤሌክትሪክ በኦክሳይድ ማልበስ) ካማራችሁ ደግሞ አሉሚኒየም ያዙ፣ ተራ ብረት ላይ አይሠራም።

አሁን ልኩ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ላሜራ የሚበላሸው። ብረት ሲታጠፍ የውጭው ፊት ይለጠጣል፣ የውስጡ ይጨመቃል፣ ስለዚህ የሁለቱን ጎን የውጭ ልክ ደምሮ መቁረጥ አያዋጣም። 2 ሚሜ ላሜራ 90 ዲግሪ ታጥፎ አንዱ ጎን በውጭ 50፣ ሌላው 30 ሚሜ እንዲሆን ብትፈልጉ 80 አይቆረጥም፤ የውስጡ ማጠፊያ ራዲየስ (የእጥፉ የውስጥ ጥምዝ) 2 ሚሜ ከሆነ 76.5 አካባቢ ነው። ትክክለኛው ቁጥር በብረቱና በማሽኑ ይለያያል፣ ስለዚህ አንድ ቁራጭ አሳጥፉና በካሊፐር ለኩ። ቀዳዳ ካለም ከእጥፉ ቢያንስ የውፍረቱን 3 እጥፍ ይራቅ፣ አለዚያ ክቡ እንቁላል ሆኖ ይቀራል።

ፓውደር ኮቲንግ በአንድ ፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ይወፍራል። ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን የቀዳዳው ዙሪያ በሙሉ ስለሚቀባ ስፋቱ ከ0.12 እስከ 0.16 ሚሜ ይጠባል። ልክክ ብሎ ይገባ የነበረው ቡሎን እምቢ ይላል። ጥርስ የወጣለት ቀዳዳ ደግሞ ከመቀባቱ በፊት ለጊዜው ይደፈን።

ጠርዙን አትናቁት። ቀለም ከስል ጠርዝ ላይ ይሸሻል፣ ዝገትም የሚጀምረው እዚያው ነው፤ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ስለቱን ስበሩ። ኦክስጅን በሚጠቀም ሌዘር የተቆረጠ ብረት ከሆነ ጠርዙ ላይ ስስ ጥቁር ቅርፊት ይይዛል፣ ሳይፋቅ ከተቀባ ቀለሙ ከነቅርፊቱ ይላጣል።

ብየዳ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። ስስ ላሜራ በአንድ ትንፋሽ ዳር እስከ ዳር አይበየድም፣ ይጣመማል፤ እየዘለሉ አጭር አጭር ነው። ጋልቫናይዝድ ከሆነ የሚበየደው ቦታ ላይ ያለው ዚንክ ቀድሞ ይፋቅ፣ ቦታውም አየር የሚገባበት ይሁን፣ ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። (ስቴንለስ የምትቦርሹበትን ብሩሽ ተራ ብረት አታስነኩት፣ የተራው ብረት ብናኝ ስቴንለሱ ላይ ይዝጋል።)

ከመቀባቱ በፊት ዘይቱ ይታጠብ። ንጹሕ መሆኑን ለማወቅ ውኃ አፍስሱበት፦ ውኃው እንደ ስስ ሽፋን ከተዘረጋ ጥሩ ነው፣ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ከተሰበሰበ ግን ዘይት አለ፣ ድጋሚ እጠቡት። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት፣ የጣት ቅባትም ቀለም ያስለቅቃል።

ፓውደር የሚበስለው ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ጎማና ፕላስቲክ ካለው ከምድጃ ወጥቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ይገጠምለት።