ቤቱ በአንዴ ሲበላሽ ከምን ልጀምር?

ሲንኩ ያንጠባጥባል፣ ሶኬቱ ይሞቃል፣ በሩ አልዘጋ ይላል። እኔ ቤት እንዲህ ሲደራረብ መጀመሪያ የማየው መብራቱን ነው። የሚሞቅ ወይም የተቃጠለ ነገር የሚሸት ሶኬት ጊዜ አይሰጥም። ብሬከሩን አጥፉ፤ ኤሌክትሪሺያን ሳያየው እንዳትመልሱት፣ አደራ።

ቀጥሎ ውሃው። ከሲንኩ ስር ያለውን መዝጊያ ዝጉና ቧንቧውን በጨርቅ ጥርግ አድርጋችሁ አድርቁ። ከዚያ መልሳችሁ ክፈቱ፤ መገጣጠሚያዎቹን ከላይ ወደ ታች በደረቅ ሶፍት ንኩ። ውሃ ቧንቧውን ይዞ ስለሚወርድ ጠብታው የሚታይበትና የሚያፈስበት ቦታ ይለያያል። ሶፍቱ መጀመሪያ የረጠበበትን ያዙ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ያረጀ ጎሚኒ (መገጣጠሚያው ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት) ነው፤ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ልኩ እንዳይሳሳት።

በሩ ይቆይ። የማጠፊያውን ብሎን ማጥበቅ ብቻ ሊበቃው ይችላል።