ከጥበቃው በር እስከ ፋርማሲው መስኮት፦ በጤና ተቋም ውስጥ ኤችአይቪን ተከትሎ የሚመጣ መገለልን መቀነስ

የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ሆኖም ዛሬም ሰፈሩ ያለውን ጤና ጣቢያ ትቶ፣ የትራንስፖርት እየከፈለ ሌላ ከተማ ድረስ ሄዶ የሚታከም ሰው አለ። ምክንያቱን ብትጠይቁት «ሰው ያየኛል» ይላል። መገለል ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ስድብና ማመናጨቅ ነው። ታካሚን ይበልጥ የሚያሸሹት ግን የካርዱ ቀለም፣ በሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ፣ የጓንቱ ብዛትና የጥሪው ድምፅ ናቸው። ከእነዚህ አብዛኞቹን ያለ በጀት ማስተካከል ይቻላል።

መጀመሪያ መንገዱን ይሂዱበት። ከጥበቃው ተነስታችሁ በካርድ ክፍል፣ በመጠበቂያው ወንበርና በላብራቶሪው በኩል እስከ ፋርማሲው ድረስ እንደ ታካሚ ተመላለሱ። ቫይረሱ በደማቸው ካለና አገልግሎቱን ከሚጠቀሙ ሰዎች ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ሰዎች አብረዋችሁ ቢሄዱ እናንተ የለመዳችሁትን እነሱ ያሳዩዋችኋል። በየቦታው አንድ ነገር ጠይቁ፦ እዚህ የተቀመጠ ሰው ስለ እኔ ምን ሊያውቅ ይችላል?

በሩ ላይ የአገልግሎቱ ስም ካለ አንሱትና የክፍል ቁጥር ብቻ ይቅር። የካርዱ ሽፋን ከሌላው ታካሚ የተለየ ከሆነ አንድ ዓይነት አድርጉት፤ መለያው ውስጥ ገጽ ላይ ይሁን። «ኤአርቲዎች (የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ተጠቃሚዎች) በዚህ በኩል» ብሎ መጣራት ቀርቶ በተራ ቁጥር ይጠራ። ፋርማሲው መስኮት ላይ ቆም በሉ። ሌላው ታካሚ ክኒኑን በትንሽ ወረቀት ተጠቅልሎ ሲወስድ፣ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስደዋ ታካሚ የምትቀበለው ሲራመዱ የሚንኳኳ ትልቅ ነጭ ብልቃጥ ነው። ከኋላዋ የተሰለፈው ሁሉ ይሰማዋል። መፍትሔው ለማንኛውም ታካሚ መድኃኒቱን በአንድ ዓይነት የማያሳይ ከረጢት መስጠት ነው። ክኒኑን ከብልቃጡ አውጥቶ በፌስታል መያዝ ግን እርጥበት ስለሚያበላሸው አይመከርም፤ ይህን ለታካሚዋ ንገሯት።

ሥልጠናውን ከፍርሃት ጀምሩ። ብዙ ቦታ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ርኅራኄና ስለ ሥነ ምግባር ይሰበካል፣ አዋላጇ ግን በልቧ «መርፌ ቢወጋኝስ?» እያለች ትወጣለች። ቁጥሩን ንገሯት። ቫይረሱ ያለበት ደም የነካው መርፌ ቢወጋ የመያዝ ዕድሉ ከ1000 ጊዜ መወጋት 3 ገደማ ነው። ክትባት ላልወሰደ ሰው ሄፓታይተስ ቢ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ሁሉ ይከተብ። ከተወጋች ቦታውን በውኃና በሳሙና ትጠበው፤ አትጭመቀው። መከላከያ መድኃኒቱን በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት በፊት ጀምራ 28 ቀን ትወስዳለች።

ይህ ሁሉ የሚሠራው መድኃኒቱ ሲገኝ ነው። ቅዳሜ ሌሊት የተወጋች አዋላጅ መድኃኒቱ ሰኞ ጠዋት በሚከፈት ክፍል ከተቆለፈባት፣ ከዚያ በኋላ የትኛውም ሥልጠና አያሳምናትም። የማስጀመሪያ መጠኑን ድንገተኛ ክፍልና ማዋለጃ ውስጥ አስቀምጡ፤ የት እንዳለም ግድግዳው ላይ ጻፉ።

ጓንትም እንዲሁ ነው። ጓንት ሲያጥር ሠራተኛው «ለሚታወቁት» ይቆጥበዋል፤ መለያየቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሁለት ጓንት ደርቦ ማዋለድ ለአንዷ ብቻ ሲሆን ምሥጢሯን ለክፍሉ ሁሉ ማወጅ ነው። ደግሞም ያልተመረመረችው እናት ውጤቷ አይታወቅም፤ ጥንቃቄው ለሁሉም እኩል ይሁን። በረኪናውም አንድ ነው፦ 5 በመቶ የሆነውን አንድ እጅ ከ9 እጅ ውኃ ጋር መበጥበጥ፣ በየቀኑ አዲስ ማዘጋጀት። ለአንድ ታካሚ ተለይቶ «ጠንከር» አይደረግም።

በሥልጠናው ላይ ጥበቃው፣ የጽዳት ሠራተኛዋና የካርድ ክፍል ጸሐፊው ይኑሩ። ብዙ ምሥጢር የሚወጣው ከሐኪም አይደለም። ከ15 እስከ 20 ሰው ሆኖ በሁለት ግማሽ ቀን ቢከፈል ሥራ አይቆምም። ቫይረሱ በደሟ ያለ፣ ለዚህ የሠለጠነች አስተማሪ ብትመራው ደግሞ ከየትኛውም ስላይድ ይበልጣል።

አንድ ነገር በትክክል ይነገር። መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ የቫይረስ መጠኑ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ጡት በማጥባት ግን አደጋው በጣም ይቀንሳል እንጂ ዜሮ ነው አይባልም፤ ሕፃኑም መከላከያውን ይወስዳል።

ቀጠሮ ያለፈበትን ሰው ፍለጋ ብዙ ቤት ያፈረሰ ሥራ ነው። አርማ ያለበት መኪና በር ላይ ማቆም፣ ወይም ስልኩን ላነሳ ሁሉ «ከጤና ጣቢያው ነው፣ መድኃኒቷን አልወሰደችም» ማለት አይፈቀድ። በምዝገባው ቀን ሦስት ነገር ጠይቃችሁ ጻፉ፦ ስልኩን ሌላ ማን ያነሳል? ማን ነን ብለን እንደውል? ቤት መምጣት ይቻላል ወይ? ሕክምናው የተረጋጋለት ታካሚ መድኃኒቱን በ3 ወይም በ6 ወር አንዴ መጥቶ እንዲወስድ ማድረግም መታየቱን ይቀንስለታል።

ፀበል የሚሄድ ታካሚ ሲያጋጥማችሁ አትቆጡ። ተቆጥታችሁት የሄደ ሰው መድኃኒቱን አቁሞ ይሄዳል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ፀበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል፤ ይህን ከካህኑ አፍ ቢሰማ ይበልጥ ያምናል። በቅርብ ያለውን የፀበል ቦታ አገልጋይ አነጋግሩ።

ለውጡን ለመለካት ስም የሌለበት የ10 ጥያቄ ወረቀት ለሠራተኛው ሁሉ ስጡ፦ ባለፉት 3 ወራት የታካሚ ውጤት ለማይመለከተው ሰው ሲነገር ሰምተሃል? ለአንዱ ታካሚ ብቻ ጓንት ሲደረብ አይተሃል? ወረቀቱን አለቃ አይሰብስበው፤ በተቆለፈ ሣጥን ይግባ። ከ6 ወር በኋላ ያንኑ ድገሙት። ለታካሚዎች ደግሞ የቅሬታ ሰሚው ሰው ከዚያው ክፍል ውጭ ይሁን፤ በነርሷ ላይ ቅሬታ ያለው ሰው ነገ መርፌ የምትወጋው እሷው ከሆነች አይናገርም።